የአሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ባለሥልጣን

አውሮፕላን ያለ አብራሪ ተነስቶ ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ያለ ዶኛ ኤፒፋኒያ ግን ከደቡቧ ኦአሃካ ወደ ሰሜኗ የድንበር ከተማ ቲኋና የበረረ የለም። ዶኛ እዚያ አገር ወይዘሮ ማለት ነው፤ ስማቸው ሊለይ ይችላል። አንዳንዴ ወፍራም ናቸው፣ አንዳንዴ ቀጭን። ብቻ ሁልጊዜ አሉ። አጠገባቸው የሚደርሰውም ሁልጊዜ ምክር መስሚያ ጆሮ ያልተረፈው ምስኪን ነው።

የዚያ ማክሰኞ ምስኪን ናዬሊ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላን ስትሳፈርም የመጀመሪያዋ። በአንድ እጇ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን፣ በሌላው የዓመት ከአሥር ወር ልጇን ሉሲላን ይዛ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቷን በጥርሷ ነክሳ ገባች። ባሏ ኤልፊዲዮ ቲኋና ወደሚገኝ የቴሌቪዥን መገጣጠሚያ ፋብሪካ የሄደው ልጅቱ ሳትወለድ ነው። ሉሲላ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው፤ ለእሷ አባት ማለት በመዳፍ የሚያዝ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚጠፋ ነገር ነው። ናዬሊን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። ከእናቷ በቀር ሰው የማታውቅ ልጅ አባቷን አይታ እሪ ብላ ብትሸሽስ? ሰውዬው ሁለት ዓመት የጠበቀው ለዚህ ነው?

"ቀበቶውን እንደሱ አይደለም የሚያስሩት" አሉ ዶኛ ኤፒፋኒያ፣ ገና እግዚአብሔር ይመስገን ሳይባባሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ካልሲዋን አውልቂላት፣ አንገቷን ደግፊላት፣ ወተት አሁን አይሰጣትም፣ ውሃ ነው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ አይሆንም። አስተናጋጇ ስለ መውጫ በሮች ስታስረዳ፣ ክብርት ዶኛ በየመሃሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁላት፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም አረሟት። በእያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻ የሚያሳርፉት ማኅተም አንድ ነው፦ "ሰባት አሳድጌያለሁ። ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?" ናዬሊ እኮ ምንም አልነገረቻቸውም።

ልጅቱን ስቅ ሲላት ከሻርፓቸው ጫፍ ቀይ ክር መዘዙና በምራቃቸው አርሰው ግንባሯ ላይ ለጠፉት። ስቅታው ለቀቃት። እንደ እውነቱ ከሆነ የለቀቃት ደንግጣ ይመስላል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

አውሮፕላኑ ሲነሳ ጉድ ፈላ። የሉሲላ ጆሮ ተደፈነና ያዙኝ ልቀቁኝ አለች። መቶ ሰማንያ ሰው ዞሮ አየ፤ አይቶም ተመለሰ። ናዬሊ ይህን ነገር ለምዳዋለች። መንደሯም ውስጥ ልጅቱ በትኩሳት ስትነድ፣ ጥርስ ስታወጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ የሚላት ሞልቶ ነበር። ወዲህ በያት ብሎ የተቀበላት ግን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ገላዋን የታጠበችው ልጅቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ እንዳታለቅስባት እየዘፈነችላት ነው። ብቻዋን ነበረች፤ በጣም ብቻዋን።

"ስጪኝ" አሉ ዶኛ ኤፒፋኒያ።

"አይ፣ ሰው አትለምድም።"

"ስጪኝ አልኩሽ፣ ልጄ። ሰባት አሳድጌያለሁ።"

ሰጠቻቸው። ልጅቱ ለሌላ ዙር አፏን ስትከፍት፣ ዶኛ ከጓዛቸው አይብ አውጥተው እንደ ክር ተርትረው አጎረሷት፤ አስከትለውም የኦአሃካ ሰው የሚወደውን የተጠበሰ አንበጣ። አፉ የሞላ ልጅ አይጮህም። ናዬሊ ለአንድ ደቂቃ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትነቃ ጭኗ ባዶ ነው፤ አጠገቧም ሰው የለም። ብድግ ብላ ስታይ፣ ፊት ለፊት ሦስተኛው ረድፍ ጋ ዶኛ ኤፒፋኒያ ልጅቱን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬን ስለ ጨጓራው ይመክራሉ። ሉሲላ ከረባቱን ጨብጣ በሳቅ ትፍነከነካለች። ናዬሊ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተኝታለች። እንዲህ የተኛችበትን ቀን አታስታውሰውም። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ቅናት ቆነጠጣት።

ሲመለሱ የሆዷን አወጣችላቸው።

"አባቷ በአካል አይቷት አያውቅም" አለች። "እምቢ ብትለውስ?"

ዶኛ ኤፒፋኒያ ለዚህም ታሪክ አላጡም። የእሳቸው ባል ከዓመታት በኋላ ከቲማቲም ለቀማ ሲመለስ ሦስተኛዋ ልጃቸው ሌባ ገባ ብላ ጎረቤት ጠርታበታለች አሉ፤ ጎረቤቱም ዱላ ይዞ መጥቷል። ናዬሊ ሳቀች። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም።

ቲኋና ሲደርሱ ኤልፊዲዮ መቀበያው አዳራሽ ቆሟል፤ አበባ ይሁን አሻንጉሊት መምረጥ አቅቶት ሁለቱንም ገዝቷል። ሉሲላም የተፈራውን አደረገች። ፊቷን ባቀፏት በዶኛ ኤፒፋኒያ አንገት ሥር ቀብራ ኡኡታዋን አቀለጠችው። ናዬሊ እጇን ብትዘረጋላት እሷንም እምቢ አለች። ኤልፊዲዮ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ተዉአት፣ አታስጨንቋት" አለ። "እዚሁ ሆኜ ልያት።"

"ከሩቅማ አይሆንም" አሉት ዶኛ። "በዓይንህ ወደሃታል፤ እጅህን ካላሳረፍክባት ትታመማለች። አገርህን ረሳህ እንዴ?"

አልረሳም። ኦአሃካ ተወልዶ ይህን የሚረሳ የለም። ያማረች ልጅ አይቶ ሳይነካ የሄደ ሰው ዓይኑ ይበላታል፤ እናትየው መንገድ ለመንገድ ሮጣ ደርሳበት፣ እባክህ ንካልኝ ትለዋለች። ኤልፊዲዮ አበባውንም አሻንጉሊቱንም ወለሉ ላይ አኖረና የጣቱን ጫፍ ጸጉሯ ላይ አሳረፈ።

"በጣት አይደለም፣ በሁለት እጅህ" አሉና ልጅቱን ከነጩኸቷ ደረቱ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ከዓይኗ ዞር አሉ።

ሉሲላ ወደ ሄዱበት እጇን ዘርግታ ጮኸች። በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ የሉም። ጩኸቱ ወደ መነፋረቅ ወረደ፣ መነፋረቁም ደከማት። በመጨረሻ አባቷ አንገት ላይ ሳይነሳ የቀረውን የሸሚዝ ዋጋ ወረቀት አገኘችና ማኘክ ጀመረች። ኤልፊዲዮ እንዳትደነግጥበት ትንፋሹን ውጦ ቆመ።

ናዬሊ ለማመስገን ዞረች። ዶኛ ኤፒፋኒያ ከምሰሶ ጀርባ ጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀበላቸው የመጣ ሰው የለም። ልጅቱ ድምፃቸውን ሰምታ እንዳትፈልጋቸው፣ መቶ ሰማንያ ሰው ሊያስዘጋው ያልቻለውን አፋቸውን በሻርፓቸው አፍነው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ግን ይፈስሳል። ናዬሊ ልትጠራቸው አፏን ከፈተች። ከጠራቻቸው ሉሲላ ትዞራለች። መልሳ ዘጋችው፣ እጇን ብቻ አነሳችላቸው፤ እሳቸውም በእጃቸው ሂጂ አሏት። ሄደች። እስከ በሩ ድረስ ግን ሦስት ጊዜ ዞራ አየቻቸው።