በእሜቴ ኮፈን ምክንያት የተደረገ ዘመቻ

ጌታችን ባለቤቴ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ እሜቴ የተባለችው ሰማያዊ መኪና በግቢያችን በነገሠች በሠላሳ አንደኛው፣ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ የሚቀይረው በታጣበት በዚያ በጨለማው ዘመን፣ በዕለተ ማክሰኞ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ፤ ከየትኛው ጣሪያ እንደ ነቀለው ያልታወቀ የቴሌቪዥን ዲሽም እየበረረ መጥቶ የእሜቴን ኮፈን ወጋ፣ እንደ ጋሻም ቀጥ ብሎ ቆሞ ተገኘ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ በግቢው ተጠየቀ። ወእምዝ ጎረቤት ሁሉ በየተራ ወጥቶ፣ የእርሱ ቴሌቪዥን ጥርት አድርጎ እንደሚያሳይ መሰከረ።

እኔ ይህን የምጽፈው ሚስታቸው፣ የሁለት ሴት ልጆቻቸውም እናት፣ ለመኪና ብዬ የምጨነቅ ሴት አይደለሁም። ነገር ግን ሁለቱም ልጆቼ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገቡት በእርሷ ነው፤ ጌታችንም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማለዳ የሚነሡት እርሷን ለመወልወል ነው። እርሷ ከሄደች ከሶፋው የሚያነሣቸው ነገር እንደማይኖር አውቅ ነበር። ጡረታ ወጥተው ሶፋ ላይ የቀሩ የሁለት ጓደኞቼን ባሎች በዓይኔ አይቻለሁና።

የኢንሹራንሱ ገማች በመጣበት ቀን የመጀመሪያው ውጊያ ሆነ። በዋዜማው ቤታችን፣ እንግዳ ይመጣል ሲባል እንደ ወትሮው፣ ለጽዳት ተነሣ፤ ልጆቹ እሜቴን በሳሙና አጠቡ፣ ጌታችን ጎማዋን ቀለም ቀቡ፣ እኔም ሰው ምን ይለናል ብዬ በቀዳዳው ላይ ጥልፍ ዳንቴል ጣል አደረግሁ። ገማቹም ወረቀቱን ይዞ ሲቀርብ፣ ጌታችን የሴት ልጃቸውን ነውር ለባዕድ እንደማያሳይ አባት ከቀዳዳው ፊት ቆሙ፣ ደረታቸውን ነፍተውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ይቺ መኪና በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው። ይህችማ ጭረት ናት።»

ገማቹ የተባለውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤም «ቀላል ጭረት፤ ካሳ አያስፈልገውም» ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ የባትላሜራው ሊቅ፣ በሰፈሩ ዶክተር መዶሻ የሚባለው ቀጥቃጭ፣ ተጠርቶ መጣ። ኮፈኑን ሲያነሣ ማጠፊያው ተጣሞ፣ ራዲያተሩ ተበስቶ፣ ውኃው እንደ እንባ ሲወርድ አገኘ። ስለዚህ ይግባኝ ይጻፍ ተባለ። ምክሩ የእኔ ነበር፤ አልክድም። ክፉውን አሳንሶ መናገር ጉድ እንደሚያመጣ አይቻለሁ ብዬ፣ በትልቋ ልጄ እጅ፣ አንድም ሳይቀር አስጻፍሁ፦ የማይዘጋውን የግራ በር፣ የሞተውን የዝናብ መጥረጊያ፣ ሽቦው የሚወጋውን የኋላ መቀመጫ፣ አስፋልቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትንም ወለል። ጌታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ፈረሙ።

ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ተሽከርካሪው ከጥገና በላይ ሆኗልና ሙሉ በሙሉ እንደ ወደመ ተቆጥሮ፣ ቁልፉና ሊብሬው እስከ ዓርብ ለኢንሹራንሱ ይሰጥ፣ መኪናውም ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ የሚል ነበር። ጌታችን አንብበው ሲጨርሱ ሄደው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔም እንዳይመቻቸው ትራሶቹን ሁሉ ደበቅሁ።

ዓርብ ዕለት ሠራዊቱ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ተነሣ። በመሪው ላይ ጌታችን ነበሩ፤ በቀኛቸው ዶክተር መዶሻ ሽቦና ፒንሳ ታጥቆ፣ በኋላ ትልቋ ልጅ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ፋይሉን ታቅፋ፣ ታናሿም የራዲያተሩ ውኃ አጠጪ ሆና ስድስት ጠርሙስ በጭኗ ይዛ፣ በመጨረሻም ደጀኑ እኔ፣ ዣንጥላ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ የእያንዳንዱን ወረቀት ሦስት ቅጂ፣ ቢሮው ቢቃጠል ደግሞ ለመጠባበቂያ ሌላ ሦስት ቅጂ ይዤ ተከተልሁ። እሜቴ አራት ጊዜ ቆማ አራት ጠርሙስ ጠጣች፤ ሆኖም ደረሰች።

የወረፋ ቁጥራችን ሰማንያ አራት ሲሆን፣ በመስኮቱ ላይ የሚጠራው ዐሥራ ሰባት ነበር። በዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተደረገውን ትዕግሥት ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም። ተራችን ሲደርስ የካሳ ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማም ተናገረች፦

«አባባ፣ በዚህኛው ወረቀት መኪናዎ አልታመመችም፤ በዚህኛው ደግሞ ሞታለች። የትኛዋን ይዘው ነው የመጡት?»

እኔ ክርናቸውን ጨመቅሁ፤ ሞታለች ቢሉ መኪናዋን ይወስዷታል፣ ደህና ናት ቢሉ ደግሞ ራዲያተሯ ፈስሶ ያልቃል፣ ምን እንዲሉ እንደምፈልግም አላውቅም ነበር። እርሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገቡ የውኃ ቆጣሪ ያነበቡ፣ ለወዳጅ ያልቀነሱ፣ ለጠላት ያልጨመሩ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቆጣሪ እንደሚያነብብ ሰውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጁ፦

«ዲሹ የሰበረው ኮፈኑን፣ ማጠፊያውንና ራዲያተሩን ነው። በሩ፣ መጥረጊያውና ወለሉ እኔ ጋ ያረጁ ናቸው፤ እነሱን አልጠይቅም። ጭረት ነው ያልሁትም እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው። መኪናዋ አልሞተችም። ውጭ ቆማለች።»

ጉድ ፈላ፤ በሐሰት ደብዳቤ ከእነ ልጆቼ ልንታሰር ነው ብዬ ክኒኔን ፈለግሁ። ሴትዮዋ ግን እስክሪብቶዋን እንደ ያዘች ደረጃውን ወረደች፣ ለጉዞው ዳግም በቀዳዳው ላይ ያሰርሁትን ዳንቴልም በሁለት ጣቷ አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ፣ በቀዳዳው አጮልቃ አየች፣ ሞተሩም ይነሣ አለች። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ከዚህ በኋላ «የወደመ» የሚለውን ሠረዘች፣ «ሦስቱ ዕቃዎች ይጠገኑ፣ መኪናው ከባለቤቱ ጋር ይቆይ» ብላ ጻፈች፣ ማኅተምም አደረገች። ማኅተሙ ደብዘዝ ስላለብኝ ድገሚልኝ እኅቴ ብዬ ለመንኋት፤ ሦስት ጊዜ መታችልኝ።

ዶክተር መዶሻ አሮጌ ኮፈን ፈልጎ ለመግጠም ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ብሏል፤ ስድስት እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ። ጌታችን ግን ዛሬ ማለዳ ቁርሳቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የእርሱ ጋራዥ ወርደዋል።

እንግዲህ ማን ይመስላቸዋል? ሞአ ወረፋ፣ ከሣቴ ኮፈን፣ እውነትን በመስኮት ፊት ያቆሙ፣ ከቁርጥራጭ ብረት አፍ ሰማያዊቱን የነጠቁ! ስማቸው በካሳ ክፍሉ መዝገብ በሦስት ማኅተም ይጽና፣ ግዛታቸውም ከግቢያችን በር እስከ ጋራዡ ደጃፍ ይስፋ፤ በመካከል ያለውንም መንገድ ግራና ቀኝ አይተው ይሻገሩ።