«ቤቶች!» የማይሰማ በር

ቤት እንደ ሰው ነው፤ ሲያረጅ መካሪው ይበዛል። አንዱ «ይፍረስ» ይላል፣ አንዱ «ይታደስ» ይላል፣ ሌላው ጣራ ጣራውን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ በቤት ዕድሳት ግን ፍዳዬን አይቼ ተመርቄያለሁና ዛሬ መካሪዋ እኔ ነኝ። ማስታወሻ ባትይዙም ጆሮ ስጡኝ። የዛሬው ነገር ሁሉ ለካ የጆሮ ነው።

ከጭቃ እንጀምር። የኮልፌ ልጅ ዛሬ ፎቅ ላይ ወጥቶ ቢንጠባረርም ያደገው በጭቃ ቤት ነው። የኔን ቤት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭዱን ከአፈሩ ለውሶ፣ ውሃ እያጠጣ፣ እየረገጠ፣ እንደ ሊጥ አቡክቶ ነው ያሠራው። ያልቦካ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ያዙልኝ። የምርጊቱ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሱሪውን ሰብስቦ መጣ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት ቀጭን የስልጤ ሙሽራ ነበረች፤ ሽኩሪያ ትባላለች። የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም። ያንን እጇን ጭቃ ውስጥ ነክራ የሳሎኑን የውስጥ ግድግዳ መረገችልኝ። እኔ የመረግኩት ጎን ጎርባጣ፣ የሷ ጎን እንደ ብራና ልሙጥ ሆነ። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሽኩሪያና እኔ አንድ ግድግዳ ነን። ልጆቻችን አንድ ላይ ዳሁ፣ አንድ ላይ ኩፍኝ ወጣላቸው። እሷ ለፋሲካ ታስበኛለች፣ እኔ ለኢድ አስባታለሁ።

እንግዲህ አምና ቤቴል የሚኖረው የመጨረሻ ልጄ ታምራት «እማዬ፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥማ አትኖሪም» ብሎ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሠራተኛው ሲሚንቶውን በቀጥታ ጭቃው ላይ ሊለጥፈው ተነሳ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! ጮህኩ። ሲሚንቶና ጭቃ እንደተጣሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ በመሃላቸው ሽማግሌ ካልገባ አይታረቁም። ሽማግሌው ሽቦ ነው። ወንፊት የሚመስለውን ሽቦ መጀመሪያ ከእንጨቱ ጋር በምስማር ያዙት፣ ከዚያ ለስኑበት፣ ከለሰናችሁም በኋላ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ሌላም ልጨምር፤ መስታወት የሚመስለውን ሴራሚክ ደጃፍ ላይ እንዳታነጥፉ። ክረምት ሲገባ ወጌሻ ቤት ትከርማላችሁ። ለደጃፍ ሻከር ያለው ነው የሚበጀው።

እዚህ ድረስ እኔ ነበርኩ አዛዥዋ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ተሸነፍኩ።

የድሮው በር ባለቤቴ በእጁ የሠራው የጣውላ በር ነበር። ከሥሩ ድመት ያሳልፋል፤ በስንጥቁ ፀሐይ ይገባል፤ ቀን ቀን አይቆለፍም። ታምራት እሱን ነቅሎ ሁለት ላሜራ የተደራረበበት፣ በመሃሉ ስፖንጅ፣ በዙሪያው ጎማ ያለው፣ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ የብረት በር አመጣ። መስኮቱም አሉሚኒየም ሆነ፤ መስታወቱ ከውጭ ሲያዩት ፊት የሚያሳይ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ነፋሱ ከቆሼ በኩል ቢመጣ ሽታ አይገባ፣ አቧራ አይገባ፣ የመኪና ጡሩምባ አይገባ።»

«ሌባስ?»

«ሌባማ አይታሰብም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቁልፍ አለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከደጃፉም አንዲት ነጭ ደወል ለጠፈልኝ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ታምራት ባሠራው የጂፕሰም ኮርኒስ ምክንያት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ አይሰማም። አዲስ አበባ ላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን ከቴሌቪዥን ነው የሰማሁት። ዝናቡ የጣለው እኔው ላይ ነበር።

ጸጥታው ሲሰነብት ግን አንድ ነገር ጎደለ። ሽኩሪያ።

እናንተ ወጣቶች አሁን ሰው ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ትደውላላችሁ፤ ደጃፍ ላይም ደርሳችሁ «ደርሻለሁ» ብላችሁ ትደውላላችሁ። ሽኩሪያ ግን ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ የግቢውን ቆርቆሮ ገፋ አድርጋ «ቤቶች!» ትላለች። ቃሉና እሷ እኩል ይገባሉ። እኔ «ደጆች!» ብዬ ሳልጨርስ እሷ ተቀምጣለች። አሁን ግን አንድ ቀን ቀረች፤ አሟት ይሆናል አልኩ። ሁለተኛም ቀን ቀረች። ሳምንቱ ሲሞላ ነገሩ ገባኝ። ቀንታለች! አዲስ ቤት ዓይኗን ወጋው! መቼም ሰው ሲያልፍለት ወዳጁ ያልፈዋል ብዬ እኔም ኮራሁ። ኩራቴ ራቴ ሆኖ ብቻዬን ቁጭ አልኩ። አያጠግብም።

አንድ ቀን ጨው ልገዛ ወጣ ስል ባለሱቁ «እማማ አስካለ፣ እትዬ ሽኩሪያ እሁድ ወደ ወራቤ መሄዷ ነው አይደል? ልጇ ጋ ልትከርም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አላውቅም ነበር። ጨውንም ረስቼ ተመለስኩ። ሳትነግረኝ! ግድግዳዬን የመረገች ሴት፣ ሳትሰናበተኝ! «ትሂድ» አልኩ፤ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁልፌን እቤት ረስቼው ኖሯል። ሊጠይቀኝ የመጣው ታምራት ከውስጥ ኳስ ያያል። ደወሉን ተጫንኩ፤ ለካ የደወሉ ሽቦ ተበላሽቶ ጭጭ ብሏል። አፌም በልማዱ «ቤቶች!» አለ። መልስ የለም። «ቤቶች!» አልኩ ደግሜ፤ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። በመስኮቱ ላይ ነጠላ የለበሰች ኮስታራ አሮጊት አፍጥጣብኛለች። «ምን ታፈጥጫለሽ?» ልላት ስል እኔው ነኝ። የገዛ ቤቴ እንደ ባዕድ ዘጋኝ።

ያኔ ነው የበራልኝ። በሩ ሳይከፈት ነገሩ ተከፈተልኝ።

ታምራትን አልጠበቅኩትም። ነጠላዬን አጣፍቼ በቀጥታ ሽኩሪያ ቤት ሄድኩ። የሷ በር ያው የድሮው ጣውላ ነው፤ «ቤቶች!» ብዬ ገፋሁት፤ ቃሉና እኔ እኩል ገባን። ሽኩሪያ ልብሷን ትጠቀልላለች።

«ማነው?» አለች፣ እያየችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም። የብረት በር ያላት አስካለን ግን አውቃለሁ።»

«ሳትሰናበቺኝ ልትሄጂ ነው?»

«ተሰናብቼሻለሁ እኮ። ለብረቱ ነግሬዋለሁ። አልነገረሽም?»

ቁና ቁና ተነፈሰች። «ድምፄ እስኪዘጋ ቤቶች አልኩሽ። ዛሬም፣ በነጋታውም። ጫማሽ ደጃፍ ላይ ነው፤ እቤት እንዳለሽ አውቃለሁ። በመስኮት ባይ አንዲት አሮጊት ታየኛለች፤ ‘አስካለ እንግዳ መጥቶባታል’ ብዬ ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ!»

«ኧረ ደወል ነበር…» አልኩ፣ ያልሠራውን ደወል ጠበቃ አድርጌ።

«አይቼዋለሁ። ደወል የሚነካ እንግዳ ነው፤ ወይ ቆጣሪ የሚያነብ። እኔ ግድግዳሽን በሂናዬ የመረግኩ ሴት፣ ደወል ልንካ? ብረት በቡጢ ልደልቅ? አላህ ያሳይሽ!»

እጇን ያዝኩና «ነይ» አልኳት። እያጉረመረመች መጣች። ታምራት ልክ በሩን ሲከፍት ደረስን። እሷን «ጠርቼሽ እገባለሁ» ብዬ ሳሎን አስቀመጥኳት፣ ታምራትን «ዝም በል» አልኩት፣ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ሳብኩት። ከዚያ ከሆዴ አውጥቼ «ቤቶች!» ብዬ ጮህኩ። «ሽኩሪያ! አንቺ ሽኩሪያ!» አልኩ። ጎረቤት አጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። ከቤቴ ግን ኮሽታ የለም።

ታምራት ቆይቶ ሲከፍትልኝ ሽኩሪያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ኮስተር ብላ፦

«ምነው ቆየሽ? ጠርቼሽ እገባለሁ ብለሽ አልነበር? ለምን አትጠሪኝም?» አለችኝ።

ተያየን። ሳቁ ከማን እንደጀመረ አላውቅም፤ ታምራት ግን ሁለት እብድ አሮጊት ይዞ ሐኪም ቤት ሊሮጥ ነበር። ሽኩሪያ እንባዋን ጠርጋ ተነሳችና አዲሱን ልስን ትዳብስ ጀመር።

«የኔ ግድግዳ የቱ ጋ ነበር?»

«እዚሁ። ከሥሩ ነው። ሽቦ ደግፌ አልብሼዋለሁ፤ አላፈረስኩትም።»

መዳፏን ልስኑ ላይ ለጥ አደረገች። «ይቀዘቅዛል» አለች። «የኔ ይሞቅ ነበር።»

እሁድ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። «በረመዳን ዋዜማ መጣሁ» ብላኛለች። እስከዚያ በሬ ረፋዱን በሙሉ ክፍት ነው፤ ከሥራው የተረፈ አንድ ብሎኬት አስደግፌዋለሁ። አቧራው ይገባል፣ የቆሼ ነፋስ ይገባል፣ የሰፈር ዶሮም ትገባለች። ታምራት በመጣ ቁጥር ብሎኬቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል።

ስለዚህ በር ስትገዙ ሻጩ ላሜራውን በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ ውፍረቱን ያስደምጣችኋል። አትስሙት። ሰው ከበስተኋላው አቁሙና ዘግታችሁ «ቤቶች!» በሉ። «ደጆች!» የሚል ድምፅ ካልመጣ፣ በሩን እዚያው ለባለቤቱ ተዉለት።

የኔስ አንዴ ተገዝቷል፤ ምን ይደረጋል። ብቻ ጭራሽ ከንቱ ነው አይባልም፤ ብሎኬቱን እንዳይወድቅ ደህና አድርጎ ይደግፍልኛል።