የእትዬ ጥሩአየሁ በሽተኛ

በየሰፈሩ አንዲት በሽተኛ ጠያቂ አትጠፋም። ታማሚው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ እሷ ቀድማ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። የመቱ ከተማዋ ክብርት ጠያቂ እትዬ ጥሩአየሁ ናቸው። በአንድ እጃቸው ሙዝ፣ በሌላው የአጥሚት ፔርሙዝ ይዘው፣ «በሽተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ?» እያሉ የማይገቡበት ቤት የለም። ጎረቤታቸው ደርበው ጥርሱን የተነቀለ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠው በጥርስ ጦስ የሞቱትን አንድ በአንድ ቆጥረውለታል።

መምህርት ሳያት በእሳቸው የምትናደደውን ያህል በማንም አትናደድም፤ የምትናደድበት ሰው ጠፍቶ ግን አይደለም። ታናሽ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ በዝናቡ፣ በባጃጁ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ባላት ሁሉ ትናደዳለች። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ የወረወረችው ዳስተር የተማሪ ዓይን ለጥቂት ሳተ። ያን ቀን ራሷን ፈራች፤ አማካሪ ዘንድ ለመሄድም ቆረጠች።

ግን ማን ዘንድ? መቱ ያለው አማካሪ ፋሲል የአጎቷ ተከራይ ነው። ጉዷን ዘርግፋለት በማግስቱ ግቢው በር ላይ እንዴት ሰላም ትበለው? ስለዚህ ማንም በማያውቃት በጎሬ ከተማ፣ ሐኪም ቤት የምትሠራውን አማካሪ ዱሬቲን መረጠች።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ላይ እትዬ ጥሩአየሁ ያዟት። «ወዴት ነው?»

«ጎሬ፣ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ» አለች፣ አፏ ላይ የመጣላትን።

ይህ ለእሳቸው ይባላል? ሚኒባሱ ሳይሞላ ሙዝ ገዝተው አጠገቧ ተሰየሙ።

«ማን ትባላለች?»

«ሙላቷ።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ምስኪን፣ በሽታዋ ሳይታወቅላት!» ብለው እስከ ጎሬ ድረስ ጸለዩላት። ሳያት ጥርሷን ነክሳ በመስኮት ታያለች።

ጎሬ ደርሰው ዘበኛውን በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው አለፉና አልጋ ክፍሎቹን ሁሉ ቢያስሱ ሙላቷ የለችም። የሳያት ቀጠሮ ደረሰ። የዱሬቲ በር አጠገብ «የአባቷን ስም ንገሪኝ እንጂ!» ሲሏት ፈነዳች።

«ሙላቷ የምትባል የለችም! በሽተኛዋ እኔ ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ውስጤ እየነደደ ነው! ይሂዱና ለመቱ ሁሉ ይንገሩ!»

 እትዬ ሙዙን አስታቀፏትና በሩን ራሳቸው አንኳኩ። «ግቢ። እኔ እዚሁ አግዳሚው ላይ ነኝ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳያት ዓይኗ አብጦ በሩን ገርበብ ስታደርግ ድምፃቸውን ሰማች። የሰፈራቸው ባለሱቅ ደቅሲሳ ዘመድ ሊያሳክም መጥቶ ኖሮ ያፋጥጣቸዋል።

«እትዬ፣ ሳያት እዚህ ገባች አሉ። ምን ሆና ነው?»

«እሷማ ምን ትሆናለች? ሙላቷ የምትባል ጓደኛዋ ታማባት ነው።»

«ምኗን?»

«አንጀቷን። ወንድሟ ሞቶባት። በየሐሙሱ እየመጣን እንጠይቃታለን፤ በሽተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ?»

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ለሙላቷ ሙዝ ይልካል። ሳያት ትበሳጫለች፤ በእትዬም ትበሳጫለች። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማ ትገባና አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ለመቀመጥ የመጣውን ሁሉ «ሰው አለው!» እያለች በቁጣ ትመልሳለች።