ጥርስ ሠሪው በሚስቁት ፉርጎዎች ላይ የዘመተበት ዜና

በትልቁ ማቀዝቀዣ ዘመን፣ እርሱም ማጓራት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ የሳሎኑ ሶፋ ልብስ በተቀየረበት ወራት፣ ምድር ሁሉ ሰላም በሆነች ጊዜ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር በመኪና ማቆሚያ የተነሣው ጠብ በበረደ ጊዜ፣ ጥርስ ሠሪው ተነሣ፤ ወተንሥአ በኃይል፤ የተነሣውም ከዚያው ከሶፋው ላይ ነው።

ይህ ጥርስ ሠሪ ማን ነው ቢሉ፣ የመንጋጋ አናጺ፣ የድድ ባለሟል፣ የወላቆች ሁሉ ተስፋ፣ ገዋኑም ቅንድቡም በጀሶ የነጣ፣ በሚስቱ ዘንድ የተወደደ፣ በሚስቱ አባት ዘንድ ግን «ሰውዬው» የተባለ ነው።

ሰውዬው! የነገሩ ሁሉ ሥር ይህች ቃል ናት። በግእዙ ብእሲ ቢሉት እንኳ ትንሽ ክብር በኖረው። በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት፣ ቤተሰቡ ሁሉ አባባ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ነጂነት ፈጽመው ቆባቸውን ግን ጡረታ ያላወጡት አዛውንት፣ ሴት ልጃቸውን ከዳሩ ጀምሮ አማቻቸውን በስሙም በሙያውም ጠርተውት አያውቁም። «ሰውዬው ገባ ወይ?» ነው አዋጃቸው፤ «ሰውዬው ጫማውን ደረጃው ላይ ትቶታል፤ ሰው ሊሰብርብን ነው!» ነው አዋጃቸው። ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ ይህን የሚያውጁበት ጥርስ ራሱ የሰውዬው የእጅ ሥራ መሆኑ ነው፤ ላይኛውም ታችኛውም። መጀመሪያ ሲገጠምላቸው «ሰ» የምትለው ፊደል እያፏጨች ትወጣ ነበርና፣ ጥርስ ሠሪው ለሙያው ክብር ብሎ ሞረዳት፣ አልበቃው ብሎ እንደገና ሞረዳት፣ ፉጨቷም ጠፋ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ «ሰውዬው»ን እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርገው ይሏት ጀመር። እንግዲህ በገዛ እጁ ነው፤ ማንን ይከሳል?

እርሱ የሚመኘው ሌላ ቃል ነበር። አንዲት ቀን፣ በስሕተትም ቢሆን፣ «ልጄ» እንዲሉት። አባባ ይህችን ቃል የሚያበዙ ሰው አልነበሩም፤ አብራካቸው የከፈለውን ወንድ ልጃቸውን እንኳ «አንተ» ነው የሚሉት። ጥርስ ሠሪው ግን አባት ሳያውቅ ያደገ ሰው ነውና፣ ነገሩ አንጀቱ ውስጥ ነበር።

ወእምዝ የአባባ ሰማንያኛ ልደት በቀረበ ጊዜ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሞ ለሚስቱ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ሰሚ ሁሉ ስማ! በማሽኑ ጩኸት ያልሰማሽ ጠጋ በይና ስሚ! አባባ ሲነዱት የኖሩት ባቡር ተቆራርጦ ለብረት አቅላጭ ሄዷል። እኔ ግን መልሼ አመጣዋለሁ! በልደታቸው ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አቆመዋለሁ! ይህን ነገር ወደ ላይኛው ፎቅ ያሾለከ፣ ጥርሱ ሲወልቅ ወደ እኔ እንዳይመጣ!»

ወደ ገበያም ወርዶ ከመጫወቻ ነጋዴው ዘንድ አንድ ባቡርና ሦስት ፉርጎዎች ማረከ። ዋጋቸው ርካሽ፣ መልካቸውም እንደ ዋጋቸው። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ የማያውቁት አረንጓዴ፤ መስኮታቸው የተቀባ እንጂ የተከፈተ አይደለም፤ ሰው ሲያስል በጎናቸው ይወድቃሉ። ከሁሉ የከፋው ግን እያንዳንዱ ፉርጎ ግንባሩ ላይ ሁለት ዓይንና እስከ ጆሮ የተከፈተ ሳቅ ነበረው። ጥርሳቸው ደግሞ! ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ነጭ፣ ክራንቻ እንኳ የላቸው። ጥርስ ሠሪው ይህን አይቶ ደሙ ፈላ።

ሠራዊቱም ይህ ነው። በቀኝ የሞረድ ወገን፣ ሻካራውና ልስልሱ፤ በግራ መሰርሰሪያው፣ ስንት መንጋጋ ያስለቀሰ፤ በመካከል ወረንጦና ብርጭቆ ወረቀት፤ በደጀን ሙጫ፣ ክዳኑ ደርቆ አልከፈት ያለ። መብራት ያዥ ሚስቱ ነበረች፣ ክንዷ ሲዝል ግን መብራቱን ጣሪያ ላይ የምታበራ። አማካሪም ነበረ፤ እርሱም ወንድሟ ነው፣ በቤቱ «አስተያየት» የሚል ስም የወጣለት፣ ምንም ሳይነካ ሁሉን የሚያርም፣ በር ላይ ተደግፎ «እኔ ብሆን እንዲህ አልጀምርም» እያለ የሚያውጅ ታላቅ ሰው።

የመጀመሪያው ዘመቻ በሳቁ ላይ ሆነ። ሞረዱ ገባ፣ ጥርስም እንደ ዱቄት ረገፈ፣ ሦስቱም ፉርጎዎች ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በሳ፤ እንደ ጣት የወፈሩትን የፕላስቲክ እጀታዎች ቆርጦ ፀጉር የሚያህል ቀጭን የጥርስ ማሰሪያ ሽቦ ተከለ፤ ቁልፍ የሚመስሉትን ጎማዎች ሞርዶ አቀጠነ፤ ሆዳቸውንም በጀሶ ሞላው፤ ወእምዝ ፉርጎዎቹ ክብደት አገኙ፣ አስተያየት ሆን ብሎ አጠገባቸው ቢያስልም ንቅንቅ አላሉም። እሰይ! ሚስቱ አጨበጨበች፣ መብራቱም ወደቀ።

ለመልኩ ግን ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ምስክሩም ከአባባ ወንበር በላይ የተሰቀለው የባቡሩ ፎቶ ነው። እርሱን ማውረድ ጦርነት ማወጅ ስለሆነ፣ ሚስቱ ሻይ ልታቀርብ ብላ ወጥታ በስልኳ አንስታው መጣች። ጥርስ ሠሪውም በአጉሊ መነጽር ቢያየው ባቡሩ ከጣሪያው እስከ መወጣጫው ቡናማ ቡናማ ወርዶበታል፤ እዚህም ጠብታ፣ እዚያም እድፍ። እንዲህም አወጀ፦ «ዝገት! ይኸው ዝገት! ነጭ ጥርስ ሁሉ ውሸት ነው፤ እውነተኛ ጥርስ ትንሽ ቢጫ አለው። ባቡርም እንደዚያው ነው። ይቆሽሽ!»

ቆሸሸም። ፉርጎዎቹን ጥቁር አረንጓዴ ቀባና ቀረፋ ነሰነሰባቸው፣ የሻማ ጥላሸት አጠጣቸው፣ የሸክላ ዱቄት በብሩሽ ወጋጋባቸው፤ ፎቶው ላይ ያለችው እድፍ አንዲት ሳትቀር በየቦታዋ ገባች። አስተያየት እንኳ ከበሩ ተላቆ ብሩሽ አቀበለ፤ ይህም በዚያ ቤት ታሪክ ያልታየ ነገር ነው።

የልደቱ ቀን ጠዋት፣ ጥርስ ሠሪው ባቡሩን በማጠቢያ ማሽኑ ላይ እንዲደርቅ አሰልፎ ጢሙን ሊላጭ ሄደ። ምነው ጢሙ በቀረበት! የአባባ ባለቤት፣ የሳሙናና የባልዲ ንግሥት፣ እድፍ በሩቅ የምታሸት አፍንጫ የተሰጣቸው እማማ፣ የአልጋ ልብስ ታቅፈው ወረዱ፤ አዩም፤ ዓይናቸውም ፈጠጠ። ለባዶው ክፍል እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ወይኔ ጉዴ! የባለቤቴን ባቡር ማን ነው እንዲህ ያደረገው? በሰማንያ ዓመታቸው ሊያዋርዷቸው ነው?» ብለውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ያገኙትን የጥርስ ብሩሽ አነሡ፣ አረፋም ተነሣ። ጥላሸቱ ሄደ፣ ቀረፋው ሄደ፣ ሸክላው ሄደ። ፎጣ ዘርግተው በተራ አሰለፏቸው።

ጥርስ ሠሪው በግማሽ የተላጨ ፊቱ ሲመለስ «ዝገቴን! እንደ ፎቶው ያደረግኩትን ዝገት!» እያለ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አለ። ድካሙን ውሃ በላው። ይህ ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ በእርግጥ ውሃ ነው የበላው፣ ሳሙናም አግዞታል። እማማም ከፊቱ ቆመው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦ «የምን ዝገት ነው የምትለው የኔ ጌታ! ፎቶውን እኮ ጣሪያው አፍስሶ ነው ያበላሸው። ውሃው በመስታወቱ ገብቶ! ባቡሩማ ከመነሣቱ በፊት እሳቸው ራሳቸው ሳያጥቡት አይነሣም ነበር፤ ባልዲ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ!»

ጥርስ ሠሪው ለካ ጣሪያው ያፈሰሰውን እያንዳንዱን ጠብታ በሙያ፣ በአጉሊ መነጽር፣ በፍቅር ገልብጦ ኖሯል! እንግዶች ደጃፍ ደርሰዋል፣ የሚታደስበት ጊዜ የለም፤ ሚስቱ ሌላውን ግማሽ ፊቱን ላጨችለትና ባቡሩን አስታቅፋ ወደ ላይ ገፋችው። ደረጃውን ሲወጣ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባባ «ሰውዬው መጫወቻ አመጣልኝ» ሲሉ ጥርት ብሎ ይሰማው ነበር።

ባቡሩ በጠረጴዛው ላይ ቆመ። አባባ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ አሉ። በሽቦዋ እጀታ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ፤ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ፤ ንጹሑን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በሦስተኛው ፉርጎ መወጣጫ ሥር አውራ ጣታቸው ቆመች። እዚያ ጥግ፣ የእማማ ብሩሽ ያልገባበት፣ ክር የምታህል ጥላሸት ቀርታ ነበር። ጥርስ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ።

አባባም በተሰበረ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይቺን... ይቺን ቦታ ብሩሽ አይደርስባትም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ታግያት አቃተችኝ። ይኸው ዛሬም አለች!» እንባቸውም በጉንጫቸው ወረደ። ጥቂት ቆይተውም ቀጠሉ፦ «ይህን ባቡር ማንም እንዳይነካ! አቧራ ቢያርፍበትም የሚጠርግልኝ ልጄ ብቻ ነው!»

በዚህ ጊዜ አስተያየት፣ የቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነውና፣ በግርማ ተነሣ፤ ስለ አቧራ አጠራረግም ሐሳቡን ሊሰጥ አፉን ከፈተ። አባባም እጃቸውን ዘርግተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «አንተ ቁጭ በል። ልጄ ያልኩት እሱን ነው።»

ጣታቸው ጥርስ ሠሪው ላይ ነበረች።

ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ። እማማ ያጠብኩት እኔ ነኝ እያሉ ለእንግዳው ሁሉ አወሩ፤ ሚስቱ ሳቋም ልቅሶዋም ተደባለቀባት፤ አስተያየት እንኳ ከጠዋትም ታይቶኝ ነበር አለ። ጥርስ ሠሪው ግን በደስታው መካከል ጆሮው፣ የባለሙያ ጆሮ ነውና፣ አንድ ነገር ያዘ፤ ለ«ሰ» ሲደክም አስቧት በማያውቃት በ«ጄ» ላይ የአባባ ጥርስ ቀጠን አድርጋ አፏጭታለች፤ ባቡር ሊነሣ ሲል እንደሚያፏጨው። ልስልሱ ሞረድ በደረት ኪሱ ነበር። እጁም ወደ ኪሱ ሄዳ ነበር፤ ከመንገድ ተመለሰች።

እንግዲህ ክብር ለእርሱ ይሁን፤ ሳቅን በሞረድ ድል ለነሣው፣ ለፕላስቲክ ጎማ ክብደትን ለሰጠው፣ የጣሪያን ፍሳሽ እንደ ዝገት ላከበረው፣ በአማቱ ሳሙና ለዳነው፤ አባባ ማታ ማታ ከላይኛው ፎቅ «ልጄ!» ብለው ባፏጩ ቁጥር ደረጃውን እየዘለለ ለሚወጣው፣ ያችን ጥርስ ግን እስከ ዛሬ «ላስተካክልልዎ» ብሎ ለማያውቀው ለጥርስ ሠሪው!