ኢንጂነር ኤድቪና ዋራቺ በኦሩሮ ከተማ ቢም የሰበሩበት ዜና

በዘመነ ቃለ ጽሕፈት፣ ብጫው ደብተር በነገሠ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ማሽኑ ላስቲክ በለበሰ በአሥራ ሁለተኛው፣ ኢንጂነር ኤድቪና ዋራቺ የኮንክሪት መምህርት ተብለው በተሾሙ በሰባተኛው ወር (ሦስቱ በአድማ አልፈዋል)፣ በካርኒቫል ዓርብ፣ በኦሩሮ ከተማ፣ በምሕንድስና ፋኩልቲ የኋላ ግቢ፣ ይህ ታላቅ ሥራ ተሠራ። የሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ የወንፊት እመቤት፣ ጠጠርን በዓይን መዝነው የሚያውቁ፣ ሲሚንቶን በጣት አሽተው ዕድሜውን የሚናገሩ፣ ተማሪዎቻቸው አሳጥረው «ኢንሄ» የሚሏቸው።

ከእሳቸው በፊት በወንበሩ ላይ የነበሩት ሊቁ ዶን ኤርሞሄኔስ ካናቪሪ ናቸው። ሥርዓተ መንግሥታቸውም እንዲህ ነበር፦ ብጫውን ደብተር ይዘው በዴስኮች መካከል ይመላለሳሉ፣ ያነባሉ፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ደወል ሲደወል ይበተናል። በዘመናቸው በዘጠነኛው ዓመት፣ ገጽ አርባ ሰባት ላይ ሲደርሱ አስነጠሳቸውና «የቢም ጥንካሬ፣ ይቅርታ፣ በኮንክሪቱ ጥራት ይወሰናል» አሉ። ተማሪው እንደ ሰማ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፈተና ላይ «ይቅርታ»ን የዘነጋ ግማሽ ነጥብ ሲቀነስበት ኖሯል።

ሊቁ ጉልበታቸውን ለመታከም አንድ ሴሚስተር ዕረፍት በወጡ ጊዜ ወንበሩ ለኢንጂነር ኤድቪና ተሰጠ። እሳቸውም በነሐሴ ወር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በስምንቱ ተማሪዎቻቸው ፊት የመጀመሪያውን አዋጅ አስነገሩ፦

«እስክሪብቶ ወደ ኪስ፣ እጅጌ ወደ ላይ! ዛሬ አካፋ ያልያዘ አልተማረም።»

ከስምንቱ በንባብ የላቀችው ዮላ ኮንዶሪ በፈንታዋ አወጀች፦ «ኢንሄ፣ ይሄ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?»

መልሱም ወጣ፦ «አይመጣም። ይወድቃል እንጂ፣ ያውም እግርሽ ላይ። ቀና አድርገሽ ያዢው!»

እንዲህም ሆነ፤ አሸዋ ነፉ፣ ጠጠር አጠቡ፣ ሁለት ሰው የሚያክል ርዝመት ያለው ቢም፣ ማለትም አግዳሚ የኮንክሪት ምሰሶ፣ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ሞሉ፤ ከዚያው ድብልቅ አሥራ ስድስት ትናንሽ ዘንጎችም ሞሉ። ወሬው ወደ ፋኩልቲው ጉባኤ ደረሰ። ተማሪ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባ ተብሎ ክስ ቀረበ። ጉባኤውም በር ላይ አዋጅ ለጠፈ፦ «በካርኒቫል ዓርብ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እንመጣለን። መስበር ከማስጻፍ ይልቅ የሚያስተምር ከሆነ ኢንጂነር በዓይናችን ያሳዩን። ያለዚያ ትምህርቱ ወደ ብጫው ደብተር፣ እሳቸውም ወደ መጡበት የመንገድ ሥራ ይመለሳሉ።»

ለመስበሪያ የሚሆን ማሽን በግቢው ውስጥ ነበረ። ይህ ማሽን ከውጭ በስጦታ የመጣ ሲሆን፣ ሊመርቁት ቀጠሮ የያዙት ሚኒስትር ሳይመጡ ስለ ቀሩ፣ ከነላስቲኩና ከነማኅተሙ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሟል። ጠባቂው የንብረት ክፍል ኃላፊ ዶን ፓንፊሎ ሲሆኑ፣ አዋጃቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እመቤቴ፣ ያልተመረቀ ዕቃ አይነካም! እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።»

ነገር ግን በኦሩሮ ከሚኒስትር ምረቃ የሚበልጥ ምረቃ አለ። በካርኒቫል ዓርብ ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራበትን ዕቃ በወረቀት ጥብጣብ አስጊጦ ለእናት ምድር ለፓቻማማ ቢራ ያፈስለታል፤ ይህም ቻላ ይባላል። ቻላ ያልተደረገለት ሞተር አይነሣም፤ የተደረገለትን ደግሞ አትንኩ የሚል የለም። ስለዚህ ኢንጂነር ኤድቪና በዚያ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስምንቱን አስከትለው በማሽኑ ፊት ቆሙና አወጁ፦

«ዶን ፓንፊሎ፣ ዛሬ የእርስዎ የበር ቁልፍ እንኳ ቢራ ቀምሷል። ይሄ ምስኪን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብታ አለማግኘቱን ፓቻማማ ብትሰማ ማንን የምትጠይቅ ይመስልዎታል?»

ዶን ፓንፊሎ ቢላዋ ከኪሳቸው አውጥተው ማኅተሙን በገዛ እጃቸው ቆረጡ፤ ላስቲኩም ተገፈፈ፣ ማሽኑም ከኤሌክትሪክ ተገናኘ።

ሥርዓቱ በአራቱ ማዕዘን ጥቂት ጥቂት ጠብ ማድረግ ነው። ኤልሜር ቪልካ የተባለው ግን፣ በጉልበት ከስምንቱ የሚበልጠው፣ ልቡ ራርቶ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ! በጠብታ ይወጣለታል እንዴ?» ሲል አወጀና ሙሉውን ጠርሙስ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ገለበጠው። ማሽኑ አንድ ጊዜ አፏጨ፣ ሰማያዊ ጢስ ተፋ፣ ከቁልፎቹ መካከል አረፋ አወጣ፣ ዝምም አለ።

ዮላ አወጀች፦ «አንተ ገልቱ! ማሽን እኮ ነው፣ አጎትህ አይደለም!»

ሰዓቱ አራት ከአሥር ነበር። ጉባኤው ሊመጣ አምሳ ደቂቃ ቀርቷል። ኢንጂነር ኤድቪና እጃቸውን በወገባቸው አድርገው የሞተውን ማሽን ዞሩት፤ ሁለት ጊዜ ዞሩት። አንድ ተማሪ ማልቀስ ጀመረ። ከዚህ በኋላ በፋኩልቲው እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው አዋጅ ወጣ፦

«ስንት ይመዝናል ይሄ?»

«ሁለት ቶን ተኩል፣ ኢንሄ። ከመሬቱ ጋር በብሎን ታስሯል።»

«እንግዲያው አልሞተም፤ ሥራ ቀየረ። ከወርክሾፑ ጀርባ የወደቀውን ሐዲድ አምጡ!»

ስድስት ሜትር የሆነውን አሮጌ የባቡር ሐዲድ ስምንቱ ተሸክመው አመጡ። አንዱን ጫፍ በማሽኑ እግር ላይ በሰንሰለት አሰሩት፤ ቢሙን ከሥሩ፣ ወደ ማሽኑ አስጠግተው፣ በሁለት ድጋፍ ላይ አጋደሙት፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ አሮጌ የመማሪያ ክፍል በር ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርገው በገመድ አንጠለጠሉ። ነገሩ ዲጂኖ ነው፤ በበሩ ላይ አንድ ሰው ቢቆም በቢሙ ላይ አራት ሰው እንደ ቆመ ያህል ይከብዳል።

በአምስት ሰዓት ጉባኤው መጣ። ዲኑ ዶክቶር ሩፔርቶ ሳንሄኔስ፣ በአንገታቸው የወረቀት ጥብጣብ እንደ ተጠመጠመ፣ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ፤ ከኋላቸው በከዘራ ዶን ኤርሞሄኔስ፣ በብብታቸው ብጫው ደብተር። ሊቁ ቢሙን በከዘራቸው ለክተው፣ ገጽ ገልጠው፣ አወጁ፦ «በሩ ላይ ዘጠኝ መቶ ኪሎ እስኪቆም አይሰበርም።»

ዮላም በተራዋ፦ «ስድስት መቶ ሃምሳ፣ ዶን ኤርሞሄኔስ። በነሐሴ ስንሞላው ሌሊቱን ውርጭ መታው። አብረን የሞላናቸውን ዘንጎች አሸዋ በባልዲ እያንጠለጠልን ሰብረን ነው ያወቅነው። የእርስዎ ቁጥር ግን ውርጭ በማያውቅ ሞቃት ወደብ ከተጻፈ መጽሐፍ የተቀዳ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ኮንክሪት ጃኬት ይልበስ ነው የምትዪው? እኔ በዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ሲሚንቶ ጉንፋን ሲይዘው አላየሁም!»

ጉባኤው ሳቀ። ዲኑ ሰዓታቸውን አዩ። ኢንጂነር ኤድቪና ግን ቢሙ ሥር ተንበርክከው፣ ባትሪ አብርተው፣ «ጫኑ!» ሲሉ አወጁ።

በበሩ ላይ የወጡት ሠራዊት፣ እያንዳንዳቸው በድንች ሚዛን ተመዝነው፣ እነዚህ ናቸው፦ ቢራ አፍሳሹ ኤልሜር፣ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ከነጸጸቱ፤ ጠያቂዋ ዮላ፣ አርባ ዘጠኝ፤ መንትዮቹ የቻምቢ ልጆች፣ አንድ መቶ አሥራ ስምንት በድምሩ፣ ለየብቻ መመዘን እንቢ ብለው፤ ሌሎቹ አራት፣ ሁለት መቶ ሃያ ሦስት። ድምር አራት መቶ ሰባ ሁለት። ተማሪው አለቀ፤ ቢሙ ዝም አለ። ዶን ፓንፊሎ «እኔማ ማኅተሙን ከቆረጥሁ ወዲያ ምን ቀረኝ» ብለው ሰማንያ አንድ ኪሏቸውን ይዘው ወጡ። አምስት መቶ አምሳ ሦስት። ዲኑ ቶሎ ወደ ቢራው መሄድ ስለ ፈለጉ ሰባ አራት ኪሎ ጨመሩ። ስድስት መቶ ሃያ ሰባት። ከቢሙ ሆድ በታች የፀጉር ክር የሚያህል ስንጥቅ ታየ፤ አልተሰበረም ግን።

ዶን ኤርሞሄኔስ ፈገግ አሉ። «ጠጋ በሉልኝ፤ ይኸው እኔም ልውጣ። ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ኪሎ ይቀራችኋል፤ እኔ አምሳ ሰባት ነኝ።» ከዘራቸውን ለጉባኤው ጸሐፊ ሰጡ፤ የታከመውን እግር መሬት ላይ ትተው ጤነኛውን በበሩ ላይ አሳረፉና ግማሽ ክብደታቸውን ጣሉ።

ቢሙም ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር አንድ ጊዜ ጮኸና ለሁለት ተከፈለ። በሩ ስንዝሩን ወረደ። አሥሩም በእግራቸው ቆሙ፤ ከዲኑ የወረቀት ጥብጣብ በቀር የወደቀ የለም።

ማንም አልሳቀም። ዶን ኤርሞሄኔስ ደብተሩን ገለጡ፣ እስክሪብቶ አወጡ፣ ዘጠኝ መቶን ሰረዙ። ከዚያ ድምፃቸውን አንሥተው «ጻፉ፦» አሉ፤ የስምንቱም እጅ ሳያውቁት ወደ ኪስ ሄደ። ሊቁ አዩአቸው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ተዉት» አሉ። «ኢንሄ፣ እባክዎን ያን የተሰበረውን ፊት ላየው።»

ኢንጂነር ኤድቪና ብብታቸውን ደግፈው አጠገባቸው አንበረከኳቸው። ሊቁም በጠጠሮቹ ዙሪያ ውርጩ የተወውን ባዶ ቀዳዳ በጣታቸው እየነኩ ቆዩ፤ በሰዓት እንደ ተያዘው አራት ደቂቃ። ሲነሡም የመጨረሻውን አዋጃቸውን ተናገሩ፦ «ዲን፣ ትምህርቱ ለእሳቸው ይሁን። እኔ ሰኞ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ አካፋውን ግን ለጉልበቴ ስትሉ አታሲዙኝ።»

ዲኑ እጃቸውን አነሡ፣ ጉባኤው እጁን አነሣ፣ ጸደቀ፤ ከሞላ ጎደልም በሩጫ ወደ ቻላው ሄደ።

እንግዲህ ኢንጂነር ኤድቪና ዋራቺን ማን ይመስላቸዋል? ሌሎች ከተማ ሰብረው ተመሰገኑ፤ እሳቸው አንድ ቢም በትክክለኛው ኪሎ ሰበሩ። ሌሎች ምርኮኛ አሰለፉ፤ እሳቸው አሸናፊና ተሸናፊን በአንድ በር ላይ አቆሙ። ምስጋናቸው እንደ ሐዲዱ ይርዘም፣ እንደ ማሽኑም ይክበድ። በዚያ ዓርብ በግቢው ውስጥ አንድም ተማሪ ማስታወሻ አልያዘም፤ የረሳም የለም።