ላምባ የጠጣችው ቮልስ

ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ምላሱን እንዲያወጣ ነው። ምን እንደበላ፣ የት እንዳመሸ እንዳሻው ሊያወራ ይችላል፤ ምላሱ ላይ የተጋገረው ነገር ግን ከእሱ ጋር አይማከርም። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። የእሱ ምላስ ካንዴላ ይባላል፤ እሳት የምትጭረው ያች የጣት ቁመት ያላት ዕቃ። ጫፏ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከነጣ ሙቀት በዝቶበታል፤ በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል፤ በዘይት ከራሰ ደግሞ ውስጡ ተበልቷል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ግሽ አባይ ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ያስተማሩኝም እኔኑ አጋልጠው ነው።

የደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከአጎቴ የወረስኋት አሮጌ ቮልስ አለችኝ። ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ደግሞ አለችኝ እንዳልል፣ አባቷ ገና አልፈቀዱም። አባቷ አቶ ወርቁ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀጠሮ ባለማክበሩ ብቻ ስንቱን ከደጃፋቸው የመለሱ ሰው። ለሽምግልና የመረጥሁት ጣና ዳር ካለ ደብር የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ጥበቡንና ጋሽ ንጉሤን ነበር። መሪጌታን ለአንደበታቸው፣ ጋሽ ንጉሤን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለቮልሷ ስል። ወጉ ባይፈቅድም የምነዳው እኔ ነኝና፣ ከአቶ ወርቁ ቤት ራቅ ብዬ ልጠብቅ ተስማማን።

ችግሩ ቤንዚን ነበር። በኩፖን ነው የሚታደለው፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ቢበዛ ወረታ ያደርሰኛል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምድጃዬን ሳልለኩስ፣ ዳቦ በሙዝ እየበላሁ ያጠራቀምሁትን ላምባ ከቤንዚኑ ጋር ደባለቅሁት። ለማንም አልተናገርሁም። እናንተስ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?

የአባይን ድልድይ እንደተሻገርን ቮልሷ ማሳል ጀመረች። ሐሙሲትን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጭራሽ ቆመች። መሪጌታ ሊያግዙ ወደ ፊት ክዳኑ ሄዱ፤ ሞተሯ ከኋላ መሆኑን ሲያዩ ግን «ይህችስ ነገሯ ሁሉ ግልብጥ ነው» ብለው ተመለሱ። ጋሽ ንጉሤ አንዷን ካንዴላ ፈትተው አወጡ። ጥቁር ናት፤ ጥላሸቱም ረጥቦ ያብረቀርቃል።

«ቤንዚኑን ከየት ቀዳኸው?» አሉኝ።

«ከማደያ ነዋ፣ ጋሼ።»

ካንዴላዋን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለመሪጌታ አቀበሏቸው። «እስቲ እርስዎ ያሽትቱልኝ።»

መሪጌታ አሸተቱ። «ይህማ የፋኖስ ሽታ ነው! ድጓውን ያጠናሁት በዚህ ሽታ አይደል እንዴ?»

ጋሽ ንጉሤ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንም ከማደያ ነው?»

«ግማሹ» አልሁ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አራቱንም ካንዴላዎች በሽቦ ብሩሽ ጠርገው መለሷቸው፤ ተነሣች። ወረታ ላይ እንደገና ቆመች፤ እንደገና ጠረጉ። አዲስ ዘመንን አልፈን ስትቆም ብሩሹን ለእኔ ሰጥተውኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነበር፤ ማክሰኝት የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ጎማ ፈንድቶ ነው በሉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «እኔ ላንተ ልለምን እንጂ ልዋሽ አልመጣሁም» አሉኝና ገቡ። ጋሽ ንጉሤም ከሞተሯ አንዷን ካንዴላ ፈትተው ይዘው ተከተሏቸው።

መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ከኀፍረቴ የተነሣ ከእንግዲህ ከትርንጎ ጋር ላለመገናኘት በየት በኩል እየዞርሁ እንደምሄድ ሳስብ፣ ጋሽ ንጉሤ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። «ና ውረድ። ይፈልጉሃል።»

አቶ ወርቁ ያችን እንደገና የጠቆረች ካንዴላ በጣታቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሽማግሎቼ ሁሉንም ነግረዋቸዋል።

«መኪና ላምባ የምታጠጣው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሞተር እንደሚጎዳ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ላምባውንስ ከየት አገኘኸው?»

«ከምድጃዬ ነው። ሁለት ሳምንት አላበሰልሁም።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ፍርስ ብሎ ሳቀ። ሳቁን አውቀዋለሁ። አቶ ወርቁ ወደዚያ ገላመጡና ወደ እኔ ተመለሱ።

«ሽማግሎችህንስ ለምን ዋሸሃቸው?»

«አንሄድም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

አቶ ወርቁ ካንዴላዋን አገላብጠው አዩና አስቀመጧት። 

«ሞተር ይጠገናል» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ግን አንድም ቀን እንዳትዋሻት። በል ቁጭ በል።»

«ቁጭ በል» እሺታ መሆኑ የገባኝ መሪጌታ ለምርቃት ሲነሡ ነው።

ምግብ ከቀመስን በኋላ አቶ ወርቁ ጋሽ ንጉሤን ወደ ግቢው ወሰዷቸው። አሮጌ ጂፓቸው ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አልነሣ ብላቸዋለች፤ እግረ መንገድዎን ይዩልኝ ነው ነገሩ። እኛም ተከተልናቸው። ጋሽ ንጉሤ አንድ ካንዴላ ፈቱ። አዩዋት። አሸተቷት። ለመሪጌታ አቀበሏቸው። መሪጌታ አሽትተው ድንገት ወደ አጥሩ ዞሩና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ያስሉ ጀመር።

«አቶ ወርቁ» አሉ ጋሽ ንጉሤ በትሕትና፣ «ይህችስ ለማን ሽማግሌ ልትወስድ ነው?»

አቶ ወርቁ ወደ ጂፗ አዩ። ወደ እኔ አዩ። ወደ ሰማይም አዩ።

የሠርጉን ቀን እዚያው ግቢ ውስጥ እንደቆምን ቆረጥን። ብዙ ክርክር አልነበረበትም።