የጋሽ ደምሴ ስደት

ለመሆኑ ሰው ስንት ዓመት ሲኖር ነው እንግድነቱ የሚያበቃው? ጎረቤቴን ጋሽ ደምሴን ብትጠይቋቸው አያበቃም ይሏችኋል። እሳቸውም፣ አባታቸውም፣ አያታቸውም የተወለዱት እዚሁ ሐረር ነው። ጀጎል ገብተው ሲገበያዩ ሐረሪኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውሃ ያንቆረቁሩታል። "አገርዎ የት ነው?" ላላቸው ሁሉ ግን መልሳቸው "መንዝ" ነው።

ባለፈው እሑድ እቤታቸው ቁጭ ብለን ስለ አንድ ስደተኛ ቤተሰብ የሚተርክ ፊልም አየን። አባትየው "ነገ ተመላሽ ነኝ" ብሎ ልብሱን ከሻንጣ አላወጣም ሲል፣ ጋሽ ደምሴ "ጎሽ!" አሉ። በስደት የተወለደችው ልጁ "የኔ አገር ይሄ ነው" ስትለው ግን ከሶፋው ብድግ አሉ።

"የአባቷን አገር ትካድ? ይቺ ባለጌ!"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለልጅቷ ፈራሁላት።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ጠየቋቸው።

"አንተስ አምና አንድ ወር እከርማለሁ ብለህ መንዝ ሄደህ፣ በሦስተኛው ቀን ለምን ተመለስክ?"

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ብርዱንስ ችዬው ነበር" አሉ። "ምን ላድርግ፣ የሰው አገር አልለመድ አለኝ።"